ጥገናው ወጥቷል፤ ማን ይጭነዋል? የኢሜይል ሰርቨር ክፍተትና የጎንደር ተቋማት

ግንቦት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ኳሊስ የተባለው የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ኩባንያ፣ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌሮች አንዱ በሆነው ኤግዚም ውስጥ ከባድ ክፍተት ማግኘቱን ይፋ አደረገ። በክፍተቱ የሚጠቀም ሰው ፓስወርድ መስረቅ አያስፈልገውም፤ ሠራተኛ አታሎ ሊንክ ማስነካትም አይጠበቅበትም። በልዩ መንገድ የተጻፈ አድራሻ ወደ ሰርቨሩ ልኮ የፈለገውን ትእዛዝ ማስፈጸም ይችላል። ትእዛዙ የሚፈጸመውም ባለሙያዎች «ሩት» በሚሉት የመጨረሻ ሥልጣን ነው። ይህ ሥልጣን በእጁ የገባ ሰው ፋይል ያነባል፣ ይደመስሳል፣ አዲስ ተጠቃሚ ይፈጥራል፣ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች ደብዳቤ በሙሉ ይቀዳል።

ከዜናው ይልቅ ሊያሳስቡን የሚገቡት ግን በዙሪያው ያሉት ቀኖች ናቸው። ክፍተቱን የሚደፍነው እትም፣ ቁጥሩ 4.92፣ የወጣው የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር፤ ዜናው ከመሰማቱ 4 ወር ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቃቶች የታዩት ሰኔ 2 ቀን፣ ዜናው በተሰማ በ4 ቀን ውስጥ ነው። ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ግንቦት 20 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ «ሳንድዎርም» የሚባለው የሩሲያ ወታደራዊ መረጃ ቡድን ቢያንስ ከነሐሴ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ክፍተት ሲገባ መቆየቱን አስታወቀ። ጥገናው በነጻ ከወጣ ከ15 ወር በኋላ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ያስፈለገው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያልተጠገነ ሰርቨር በየአገሩ ስለነበረ ነው።

ጎንደር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል፣ የከተማና የዞን መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ሆቴሎችና አስጎብኚ ድርጅቶች አሉ። ወደ ሰሜን ሲወጣ ዳባትና ደባርቅ ይከተላሉ። ሁሉም ደብዳቤያቸውን ቀስ በቀስ ከፖስታና ከፋክስ ወደ ኢሜይል እያዞሩ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የእኛም ነው፦ ጥገና ከወጣበት ቀን እስከሚጫንበት ቀን ድረስ ላለው ጊዜ ተጠያቂው ማን ነው? የተቋሞቻችን አደጋ ከማናቸውም በላይ ያለው በዚያ ባለቤት አልባ ጊዜ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክፍተቱ እንዴት ይሠራል?

ኤግዚምን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1995 መጻፍ የጀመረው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረው ፊሊፕ ሄዝል ነው። ለዩኒቨርሲቲው አገልግሎት የተሠራ ነጻ ሶፍትዌር ዓለምን አዳረሰ። ዴቢያን ከተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ጋር እንደ ነባር የኢሜይል ሰርቨር ይመጣል። ድረ ገጽና ኢሜይል አንድ ላይ የሚያከራዩ ኩባንያዎች በሰፊው የሚጠቀሙበት ሲፓኔልም የሚሠራው በኤግዚም ነው። በመሆኑም አንድ አነስተኛ ሆቴል ወይም ማኅበር ኤግዚም የሚባል ስም ሰምቶ ሳያውቅ ደብዳቤው በኤግዚም በኩል ሊያልፍ ይችላል።

ሁለት የኢሜይል ሰርቨሮች ሲገናኙ አጭር ንግግር ያደርጋሉ። ላኪው በመጀመሪያ ማንነቱን ይናገራል። ቀጥሎ መልእክቱ ከማን እንደሆነ ይገልጻል። በሦስተኛ ደረጃ ለማን እንደሆነ ይናገራል። ተቀባዩ ሰርቨር በየደረጃው «እሺ» ካለ በኋላ መልእክቱ ራሱ ይላካል። ስህተቱ የነበረው በሦስተኛው ደረጃ ላይ በሚነገረው ስም አያያዝ ነው።

ኤግዚም ለአስተዳዳሪው ሥራ የሚያቀል የራሱ የማዋቀሪያ ቋንቋ አለው። በዚህ ቋንቋ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍና «ራን» የሚለው ቃል ተከታትለው ከመጡ ትርጉማቸው «ይህን ፕሮግራም አስነሣና ውጤቱን እዚህ አስገባ» ነው። መብቱ የታሰበው የሰርቨሩን ማዋቀሪያ ፋይል ለሚጽፈው ሰው ብቻ ነበር። ከ4.87 እስከ 4.91 ባሉት እትሞች ግን መልእክት በሚደርስበት ቦታ ላይ ከውጭ የመጣው የተቀባይ ስምም በዚሁ አስተርጓሚ ውስጥ ያልፍ ነበር። ከአድራሻው «አት» ምልክት በፊት ባለው ቦታ ላይ በስም ፈንታ ትእዛዝ የጻፈ ሰው ሰርቨሩን ያዘዋል ማለት ነው። ለዚህ ምክንያት የሆነው የፕሮግራሙ ክፍል መጀመሪያ ለሙከራ ብቻ የተቀመጠ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በወጣው በ4.87 እትም ላይ ለሁሉም እንዲሠራ ተደረገ። ከዚያ በኋላ 3 ዓመት ሙሉ ማንም ሳያየው ቆየ።

በመደበኛው አወቃቀር ከሩቅ ሆኖ ይህን ማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሰርቨሩ የማያውቀውን ተቀባይ ወዲያው ስለሚመልስ፣ አጥቂው በየጥቂት ደቂቃው አንድ አንድ ባይት እየላከ ግንኙነቱን ለ7 ቀን ክፍት አድርጎ መቆየት ነበረበት። አስተዳዳሪው አወቃቀሩን በአንዳንድ መንገዶች ለውጦት ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ሰርቨሩ ለሌላ ሰርቨር ተጠባባቂ ሆኖ ደብዳቤ የሚቀበል ከሆነ፣ 7 ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጥቃቱ ወዲያው ይሠራል።

ነገሩ ለዘርፉ አዲስ አልነበረም። ጥቅምት 23 ቀን 1981 ዓ.ም. የተለቀቀውና በኢንተርኔት ታሪክ የመጀመሪያው ታላቅ ወረርሽኝ የሚባለው «የሞሪስ ትል» ከገባባቸው መንገዶች አንዱ ሴንድሜይል የተባለው የኢሜይል ሰርቨር ነበር። በዚያም ጊዜ ስህተቱ ከውጭ የመጣ አድራሻን እንደ ትእዛዝ መቀበል ነበር። ኳሊስም ለግኝቱ የሰጠው ስም የእነዚያን የ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፍተቶች መመለስ የሚጠቁም ነው። የኢሜይል ሰርቨር ከማያውቀው ሰው ሁሉ መልእክት እንዲቀበል የተሠራ በመሆኑ፣ ከባንኩ ዳታቤዝም ሆነ ከሰው ኃይል አስተዳደሩ ሲስተም ይበልጥ ለውጭ ክፍት ነው።

«ጎንደር ሩቅ ናት፤ ማን ያውቀናል?»

በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማ መጽናኛ አለ፦ «እኛን ማን ይፈልገናል? ከእኛ ምን ያገኛል?» ይህ አስተሳሰብ ከተጨባጩ ጋር አይገጥምም። የሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት ዚማፕ የተባለ መሣሪያ፣ ፈጣን መስመር ባለው በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የዓለምን የአይፒ (አይፒቪ4) አድራሻዎች በሙሉ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ማዳረስ ችሏል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በኤግዚም ሰርቨሮች ላይ የተሰራጨው ትል የማንንም ስም አልጠየቀም። ክፍት ሰርቨር ሲያገኝ ይገባል፣ ለራሱ የመግቢያ ቁልፍ ያስቀምጣል፣ ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም ይጭናል፣ ከዚያ ሌላ ተጋላጭ ሰርቨር ለመፈለግ ይቀጥላል። ለእንዲህ ያለ ፕሮግራም ጎንደር ያለ ሰርቨርና ለንደን ያለ ሰርቨር አንድ ናቸው።

የጎንደርና የሰሜኑ ደጋ ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ጥገናውን በጊዜ ለመጫን እዚህ ከሌላው ቦታ የበለጠ እንቅፋት አለ።

የመጀመሪያው ኮኔክሽን ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ባለሙያው ማስጠንቀቂያዎችን የሚከታተልበት ስልኩ ዝም ሲል አዲስ ክፍተት መገኘቱን የሚያውቅበት መንገድ ይጠባል። መስመሩ የተቋረጠ ሰርቨር ለጊዜው ከውጭ አይነካም፤ መስመሩ በተመለሰበት ሰዓት ግን ወራት ያስቆጠረ ያልተጠገነ ሶፍትዌር ይዞ በየደቂቃው አድራሻ ለሚያስሱ ማሽኖች ይጋለጣል። አደገኛው ሰዓት ሁሉም ሰው «ተመስገን፣ ኢንተርኔት መጣ» ብሎ የሚደሰትበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ካለው ይነሣል። በመጫን ላይ ሳለ መብራት የጠፋበት አፕዴት ሲስተሙን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ባለሙያ «አሁን አይሆንም» ይላል። «አሁን አይሆንም» የተባለው ሥራ ቀን ካልተቆረጠለት ይረሳል።

ሦስተኛው የሰው ኃይል ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ያለው የአይቲ ባለሙያ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ፕሪንተር የሚያስተካክለው፣ የዳይሬክተሩን ላፕቶፕ የሚያጸዳው፣ ለስብሰባ ፕሮጀክተር የሚያቆመው፣ ኔትወርክ የሚዘረጋውና ሰርቨሩን የሚጠብቀው እሱ ነው። ፕሪንተር ሲቆም ሰው ይጮኻል፤ ያልተጠገነ ሰርቨር ግን ጥቃት እስኪደርስበት ድረስ ደህና መስሎ ይሠራል። ስለዚህ የባለሙያው ቀን በሚጮኸው ሥራ ያልቃል። ያ ሰው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ አዲስ አበባ ሲሄድ የሰርቨሩ ፓስወርድና የአወቃቀሩ ታሪክ አብሮት ይሄዳል።

አራተኛው ማሻሻልን መፍራት ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ደንበኞች በሂሳባቸው ከነበራቸው በላይ ማውጣት ቻሉ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ በማስታወቂያ ለመኑ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ከዚያ ወዲህ «የሚሠራውን አትንካ» የሚለው ምክር ጉልበት አገኘ። የዚያ ሌሊት ትምህርት ግን ሌላ ነው፦ ማሻሻያ አስቀድሞ በሙከራ ማሽን ላይ ይሞከር፣ ከተበላሸ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ ይዘጋጅ፣ ሲጫንም የሚከታተል ሰው ይኑር። አለመንካት ሰርቨሩን ባለበት አያቆየውም፤ በየወሩ አዲስ ክፍተት ሲታወቅ የትናንቱ ደህና ሰርቨር ዛሬ ተጋላጭ ነው።

ምን አለን የሚጠፋ?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ዩኒቨርሲቲው በዳባት ወረዳ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚከታተል የምርምር ማዕከል አለው። እንዲህ ያለው ሥራ የገበሬውን ቤተሰብ ታሪክ በትውልድ ደረጃ ይይዛል። የሆስፒታሉ ሥራ ደግሞ የሕሙማንን ምስጢር ይይዛል። ዳታቤዙ በጥብቅ ቢጠበቅም፣ ሰው ሥራውን ለማፋጠን ከዚያ ቀንሶ በኢሜይል ይላላካል፦ የኤክሴል ሠንጠረዥ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የጨረታ ሰነድ፣ የሠራተኛ ቅሬታ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። የኢሜይል ሰርቨር የተቋሙ ምስጢር ሁሉ ቅጂ የሚከማችበት ቦታ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የአንድ ተቋም ኢሜይል ሲወጣ ጉዳቱ ከተቋሙ ጋር ለተጻጻፉት ሁሉ እንደሚደርስ ከአገራችን ታሪክ የሚያሳይ ጉዳይ አለ። ሲትዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ቡድን በየካቲት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የሚሸጠው የስለላ ሶፍትዌር በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ላይ መነጣጠሩን አስታወቀ። በሰኔ 2007 ዓ.ም. መጨረሻ የኩባንያው ራሱ ፋይሎች ተዘርፈው ወጡ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ኢሜይሎች ለሕዝብ ይፋ ሆኑ፤ ከኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ጋር የተደረጉ መጻጻፎችም በውስጡ ነበሩ። ሰርጎ ገቡ ከወራት በኋላ ባሰራጨው ጽሑፍ እንደገለጸው፣ መጀመሪያ በአንድ የኔትወርክ ዕቃ ክፍተት ገባ፤ ውስጥ ሲገባ ፓስወርድ የማይጠይቅ የባክአፕ ማከማቻ አገኘ፤ በዚያ ከተቀመጠው የኢሜይል ሰርቨር ቅጂ ላይ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ አወጣ። ስለላን የሚሸጥ ኩባንያ የራሱን ደብዳቤ መጠበቅ አልቻለም። በጽሑፎቹ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች ደግሞ የራሳቸውን ሰርቨር ቢጠብቁም ባይጠብቁም ምስጢራቸው በሌላው ቸልተኝነት ወጣ።

ሕጉም ተለውጧል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰርጎ ገቡን የሚቀጣ ነበር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃውን የያዘውን ተቋም ተጠያቂ ያደርጋል። የሰዎችን የግል መረጃ የያዘ ተቋም ተገቢ ጥበቃ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ የመረጃ ጥሰት ሲደርስም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ሰርቨሩ መደፈሩን ከወራት በኋላ ከሌላ ሰው የሚሰማ መሥሪያ ቤት ይህን ግዴታ እንዴት ሊወጣ ይችላል?

ጥገናው ደረጃ በደረጃ

የኤግዚምን ክፍተት ለመድፈን የሚያስፈልገው ሥራ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ምን እንዳለ ማወቅ ነው። በሰርቨሩ የትእዛዝ መስመር ላይ ኤግዚም ብሎ ጽፎ፣ ክፍት ቦታ ትቶ፣ ሰረዝ፣ ትንሿን ቢ እና ትልቋን ቪ ማስከተል የእትሙን ቁጥር ያሳያል። ከ4.87 እስከ 4.91 ከሆነ የ2011ዱ ክፍተት ሊኖርበት ይችላል። «ሊኖርበት ይችላል» ያልኩት ምክንያት ስላለው ነው፤ ዴቢያን የዋናውን እትም ቁጥር ሳይቀይር ጥገናውን ብቻ በአሮጌው እትም ላይ ያስገባል። በመሆኑም ከዋናው ቁጥር ቀጥሎ ያለውን የዴቢያን ቁጥር ማየትና ከደህንነት ማስታወቂያው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የማዋቀሪያ ፋይሎቹንና የደብዳቤ ሳጥኖቹን ባክአፕ ወስዶ፣ ባክአፑ በትክክል መመለሱን በሌላ ማሽን ላይ ሞክሮ፣ መብራት አስተማማኝ በሆነበት ሰዓት አፕዴት ማድረግ ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ይህ የሁለት መስመር ትእዛዝ ነው። በሲፓኔል የሚሠራ ከሆነ አፕዴቱ በራሱ እንዲመጣ መደረጉን ማረጋገጥ ይበቃል። ሰርቨሩን የሚያከራየው ሌላ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ እትሙን በጽሑፍ መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው።

ጥገናውን በዚያው ቀን መጫን የማይቻልበት ሁኔታ ካለ፣ በተቀባይ ስም ውስጥ የዶላር ምልክት ያለበትን አድራሻ ሰርቨሩ እንዳይቀበል በማዋቀሪያው ላይ ደንብ መጨመር አደጋውን ይቀንሳል። ይህ ግን ጊዜ መግዣ ነው፤ ጥገናውን አይተካም።

4.92ም ዛሬ አርጅቷል። በ2013 ዓ.ም. ኳሊስ እንደገና መርምሮ በኤግዚም ውስጥ 21 ክፍተቶች አገኘ፤ እነሱን የሚደፍነው 4.94.2 ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ላይ ደግሞ የአባሪ ፋይል ስም አነባበብ ላይ ሌላ ክፍተት ታወቀ፤ አደገኛ የፋይል ዓይነት እንዳይገባ የተደረገውን ገደብ የሚያስጥስ ሲሆን 4.98 ይደፍነዋል። በዚያን ጊዜ ሴንሲስ የተባለው ተቋም ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ተጋላጭ ሰርቨሮች መቁጠሩን አስታውቋል።

ኤግዚምን የማይጠቀምም አልዳነም። ዚምብራ በተባለው ሰርቨር በመስከረም 2015 ዓ.ም. ጥቃት የደረሰው ተጨምቆ የመጣን አባሪ ለቫይረስ ምርመራ በሚፈታው አሮጌ መሣሪያ ምክንያት ነበር፤ ጊዜያዊ መፍትሔው ፓክስ የተባለውን መሣሪያ ጭኖ ሰርቨሩን ማስነሣት ብቻ ነበር። በብዙ የዌብሜይል ገጾች ላይ የሚታየው ራውንድኪዩብ ደግሞ 10 ዓመት ሙሉ ተደብቆ የኖረ ክፍተት በ2017 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ተደፍኖለታል፤ የሚደፍኑት እትሞች 1.6.11 እና 1.5.10 ናቸው። የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 መደበኛ ድጋፋቸው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ድጋፉ ባለቀ ሶፍትዌር ላይ ደብዳቤ ማስቀመጥ ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኘውን ክፍተት ሁሉ አስቀድሞ መቀበል ነው።

በዓል ቀን የወጣው ጥገና

የካቲት 23 ቀን 2013 ዓ.ም. የዓድዋ ድል 125ኛ ዓመት የተከበረበት ቀን ነው። መሥሪያ ቤቶች ዝግ ነበሩ። ማይክሮሶፍት በዚያው ቀን በኤክስቼንጅ ሰርቨር ላይ የ4 ክፍተቶች አስቸኳይ ጥገና አወጣ። ክፍተቱን ቀድሞ ለኩባንያው ያስታወቀው የታይዋኑ ዴቭኮር ባልደረባ ኦሬንጅ ጻይ ነበር፤ ማይክሮሶፍት «ሃፍኒየም» ያለው ቡድን ግን ጥገናው ሳይወጣ ሲገባ ቆይቷል። ጥገናው በወጣ በቀናት ውስጥ ሌሎች ቡድኖችም ተረባርበው በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን ደፈሩ። የኖርዌይ ፓርላማና የአውሮፓ የባንክ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም ከተጠቁት መካከል ነበሩ።

ከዚህ ጥቃት የሚወሰደው ትልቁ ትምህርት የመጣው ከጥገናው በኋላ ነው። አጥቂዎቹ በየሰርቨሩ ላይ «ዌብ ሼል» የሚባል ትንሽ የመመለሻ ፋይል ትተው ነበር። ጥገናው አዲስ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል፤ የተተወውን ፋይል አያነሣም። ሌባው ጓዳ ውስጥ ተደብቆ ሳለ የግቢውን በር ቁልፍ እንደመቀየር ነው። ችግሩ ከመስፋቱ የተነሣ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በፍርድ ቤት ፈቃድ የሌሎችን ሰርቨር ከፍቶ እነዚህን ፋይሎች እንደደመሰሰ ሚያዝያ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚያጸዳ ሌላ እጅ የለም።

ስለዚህ ዘግይቶ የጠገነ መሥሪያ ቤት ሥራው አላለቀም። በኤግዚም ሰርቨር ላይ መታየት ያለባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ተራ ይዘው በቆሙ መልእክቶች ውስጥ የዶላር ምልክትና ቅንፍ ያለበት አድራሻ አለ ወይ? በሰዓቱ በራሱ የሚነሣ፣ ባለሙያዎች «ክሮን» የሚሉት ሥራ ውስጥ ማንም ያላስገባው መስመር አለ ወይ? በርቀት ወደ ሩት መግቢያ ቁልፎች ዝርዝር ውስጥ ባለቤቱ የማይታወቅ ቁልፍ ተጨምሯል ወይ? ሥራ በሌለበት ሌሊት ፕሮሰሰሩን የሚያጨናንቅ ፕሮግራም አለ ወይ? ከነዚህ አንዱ ከተገኘ ማሽኑን ከኔትወርክ ማላቀቅ፣ ለምርመራ ቅጂውን ማስቀረት፣ ሰርቨሩን ከባዶ ማደራጀት፣ የሁሉንም ሰው ፓስወርድ መቀየርና ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይገባል። ፋይሉን ደምስሶ ዝም ማለት ለሚቀጥለው ጥቃት በር መተው ነው።

የሥራው ባለቤት

ብዙ መሥሪያ ቤቶች በዚህ ሁሉ ተሰላችተው ወደ ግል ጂሜይልና ያሁ ይዞራሉ። የጎግል ሰርቨር ከእኛ ሰርቨር በተሻለ እንደሚጠበቅ አልክድም። ነገር ግን ኃላፊው ሲቀየር የመሥሪያ ቤቱ የዓመታት መጻጻፍ በግል አካውንቱ አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪው ከባዶ ይጀምራል፤ ዜጋውም የመንግሥት ደብዳቤና የአጭበርባሪ ደብዳቤ የሚለይበት ምልክት ያጣል። ትክክለኛው መለያ ይህ ነው፦ በየወሩ ሰርቨሩን የሚያይ ሰው የሌለው ተቋም የራሱን ሰርቨር አይያዝ፤ በተቋሙ ስምና ዶሜይን፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ከሚታመን አቅራቢ አገልግሎቱን ይከራይ። የራሱን የሚይዝ ደግሞ ወጪውን ሙሉ ይክፈል።

ሙሉ ወጪ ስል ብዙ ገንዘብ ማለቴ አይደለም። ኤግዚም ነጻ ነው፤ ጥገናውም ነጻ ነው። የሚያስፈልገው በሥራ መዘርዝር ላይ በስም የተጻፈ ኃላፊና ተተኪው፣ በወር አንድ ቀን የተቆረጠ የጥገና ሰዓት፣ ለሙከራ የሚሆን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ከኔትወርክ ውጭ የተቀመጠ ባክአፕ፣ እንዲሁም «በዓል ነውና ነገ ይደረግ» የማይባልበት የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ነው። ዳይሬክተሮች በየሩብ ዓመቱ ስለ በጀት አፈጻጸም እንደሚጠየቁ ሁሉ «ሰርቨራችን መጨረሻ የተጠገነው መቼ ነው?» ተብለው ሊጠየቁ ይገባል።

ከአንድ መሥሪያ ቤት አቅም በላይ ለሆነው ነገር ጎንደር የራሷ ልምድ አላት። በደንቢያ ከተነሣ ከባድ የወባ ወረርሽኝ በኋላ የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በቡድን አሠልጥኖ በየአውራጃው ያሰማራ ነበር። እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ሐኪም እስኪያገኝ አልተጠበቀም። የሳይበር ጥበቃውም በዚሁ መንገድ ሊሠራ ይችላል። የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን፣ ተመራቂ ተማሪዎችና የአይሲቲ ክፍሉ ባለሙያዎች የተዋሐዱበት አነስተኛ ቡድን ተቋቁሞ ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ያሉትን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በወር አንድ ጊዜ ቢያይ፣ የሚጠይቀው የትራንስፖርትና የውሎ አበል ብቻ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም የደጋውን በኩል ሊይዝ ይችላል።

የኮኔክሽኑን ችግር በከፊል የሚያቃልል መንገድም አለ። የሊኑክስ ሶፍትዌር ማከማቻዎችን ሙሉ ቅጂ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በጥቂት ተራ ሃርድ ዲስክ የሚያዝ ነው። ቅጂው መስመር ባለበት ሰዓት ሁሉ ራሱን ያድሳል። የውጭው መስመር ሲዳከም መሥሪያ ቤቶቹ ጥገናውን ከከተማቸው ያወርዳሉ፤ መስመሩ ጨርሶ ቢቋረጥ እንኳ በዲስክ ተይዞ ወደ ዳባት ሊወሰድ ይችላል። እያንዳንዱ ፓኬጅ በአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ ተነካክቶ ቢሆን ሰርቨሩ አልቀበልም ይላል። ከዚያ ላይ አንድ ደንብ መጨመር አለበት፦ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የቆየ ሰርቨር ወደ ኢንተርኔት ከመመለሱ በፊት ከዚህ ቅጂ ይጠገን።

ሰኔ 2012 ዓ.ም. በታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሙሌት ዋዜማ በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የሳይበር ጥቃት በተሞከረ ጊዜ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ መከላከሉን ገልጾ አገር በአድናቆት አዳምጧል። እንዲህ ያለው ብሔራዊ ተቋም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለ ተቋም ግን በጎንደር የአንድ ዞን መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ አፕዴት አይጭንም። ያን ትእዛዝ የሚጽፈው እዚያው ያለ ሰው ነው፤ ሰዓትና ሥልጣን የሚሰጠው ደግሞ አለቃው ነው። ስለዚህ ይህን ያነበበ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነገ ጠዋት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ የኢሜይል ሰርቨራችን እትም ስንት ነው? ኃላፊውስ ማን ይባላል? ለሁለተኛው ጥያቄ የአንድ ሰው ስም ካልተሰጠው፣ ለመጀመሪያው የሚሰጠው መልስ ትክክል ቢሆን እንኳ ከሚቀጥለው ክፍተት አያድነውም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ዛሬ ያን ስም መጻፍ ነው።